ሰም የተቀባ ጥይት

ኮረብታውን «ግመል» ነበር የምንለው። ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም፤ ሁለት ሻኛ ስላለው ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጓድ መሪያችን ሃምሳ አለቃ ደምሴ ከመቶ አዛዡ ዘንድ ተመልሶ መጣና «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንነሳለን። ጥይት ሙሉ፣ ውኃ ሙሉ፣ ወሬ ባዶ» አለን። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

የቦንጋ ወጣቶች ሱቄ በር ላይ ቁጭ ብለው «ጋሼ፣ እስቲ ስለ ጦርነቱ ንገሩን» ይሉኛል። የሚፈልጉት ታንክ ላይ ስለ መውጣት ነው። ታንክ ላይ የወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ተበላሽቶ ቆሞ ሳለ ፎቶግራፍ ለመነሳት። የእኔ ሥራ ጥይት መሙላት ነበር። ግንባርም ሞላሁ፣ አገሬ ተመልሼም ቤቴ ውስጥ ሞላሁ። ሁለቱን ሳልለያይ አንድ ላይ ካልተናገርኩት ዋሽቻለሁና፣ እስካሁን ዝም ያልኩትም ለዚሁ ነው። አሁን ግን ነገሩ የሚነካቸው ሰው በሕይወት የሉም።

ጓዳችን የዘጠኝ ሰው ቡድን ነበረች። መትረየሱን የሚተኩሰው አድማሱ ነው፣ የሺሺንዳ ልጅ። እኔ የእሱ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ማለት ጥይቱን በሰንሰለቱ ላይ አንድ በአንድ የሚሰካ፣ ሰንሰለቱን የሚሸከም፣ ሲተኮስ ደግሞ ከጎን ተኝቶ የሚያቀብል ነው። ከዘጠኛችን ሁለታችን ብቻ የከፋ ሰዎች ስለነበርን ከሌሎቹ ተለይተን በከፍኛ እናወራ ነበር። ይርጋ የሚባል የጎጃም ልጅ «እናንተ ደግሞ ሁልጊዜ የምታሙት እኔን ነው» እያለ ይነጫነጫል። እውነቱን ነው፣ ብዙ ጊዜ እሱን ነበር የምናማው።

አድማሱ ከቤቱ ሲመጣ የጡጫ ያህል ሰም በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ ነበር። አባቱ ጋሽ ገብሬ ንብ አርቢ ናቸው፤ ቀፏቸውን ዛፍ ጫፍ ላይ ይሰቅላሉ። ከአያት የወረደ አንድ ውጅግራ ጠመንጃም አላቸው። የእኛን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ጥይት በአንድ ክረምት አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ስለዚህ ጋሽ ገብሬ ጥይታቸውን ሰም ቀብተው ነው የሚያስቀምጡት፤ ልጃቸውንም ያስተማሩት ይሄንኑ ነው።

ከግንባር ኋላ ሰፍረን ሳለን ክረምቱ ያዘን። ድንኳኑ ያፈስሳል፣ የጥይት ሳጥኑ ይረጥባል። አድማሱ ሰሙን አወጣ፣ በእጁ አሙቆ እያንዳንዷን ጥይት ስስ አድርጎ አሸ። የሌሎቹ ጓዶች ጥይት ሲዝግ የእኛ እንደ አዲስ ያበራ ነበር። የመቶ አዛዡ ሳይቀር መጥቶ አየና «ይሄ የማር አገር ልጅ ለካ ሙያ አለው!» አለ። እኔም ልቤ እብጥ አለ፤ አብሬው ቀብቼ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ሳይነግሩኝ እቀባ ጀመር። አድማሱ ስስ አድርጎ የሚቀባውን እኔ እንደ ቅቤ ነበር የምለቀልቀው።

ግንባር ስንደርስ ወቅቱ ተለውጧል። ዝናብ የለም። ምሽጉ ውስጥ ያለው አፈር ዱቄት ነው፤ አንድ መኪና ካለፈ ግማሽ ሰዓት ጥርሳችን ውስጥ ይንቀጫቀጫል። ሰሙን ግን መቀባት አልተውንም። ማን ልብ ይበለው! ሙያ ተብሎ የተመሰገነ ነገር እኮ ነው።

ያን ቀን፣ ትእዛዙ ከመጣ በኋላ፣ ሁለት ሰንሰለት ሞልቼ በምሽጉ ጠርዝ ላይ ዘረጋሁት። ነፋስ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልሰበስበው ስመለስ ጥይቱ ቀለሙ ተለውጧል። ስነካው ሻከረኝ። ሰሙ አቧራውን ይዞ አሸዋ ለብሷል።

አይቻለሁ። ይህንን ቃል በደንብ ያዙልኝ። አላየሁም ብል ማንም አይከሰኝም፤ ግን አይቻለሁ። ሁሉንም ከሰንሰለቱ ነቅሎ፣ ጠርጎ፣ መልሶ መሰካት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ደክሞኝ ነበር፣ እራት ደርሶ ነበር። በእጄ ላይ ላዩን አራገፍኩና ሳጥን ውስጥ አጠፍኩት። አድማሱ «አለቀ?» አለኝ። «አለቀ» አልኩት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። የግመሉን የፊት ሻኛ ብዙ ሳንቸገር ያዝን። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከኋለኛው ሻኛ መልሰው መቱን። አድማሱ ጠመደ። ተኮሰ። አሥራ አምስት፣ ሃያ ጥይት ይሆናል። ዝም አለ። የተተኮሰው ጥይት ቀለህ ሳይወጣ ውስጥ ተነክሶ ቀርቷል። አድማሱ ሳበ፣ እምቢ አለ። ደግሞ ሳበ። ደምሴ ከግራ «መትረየስ! ምን ሆናችሁ?» እያለ ይጮኻል። አድማሱ ተኝቶ መሳብ ስላልቻለ በጉልበቱ ተነሳ። በጉልበቱ እንደ ቆመ ተመታ።

ወደ እኔ አልዞረም፣ ምንም አልተናገረም። ሌላው የሚያወራው የመጨረሻ ቃል አለ፤ እኔ ጋ የለም።

አራት ሰዓት ላይ ወደ ታች እንድንመለስ ታዘዝን። ይርጋ እግሩን ተመቶ ስለነበር እሱን ተሸከምኩ። የሞቱትን ማንሳት አልቻልንም። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ክፍል የፊት ሻኛውን መልሶ ሲይዝ ሄደን ሦስቱን አገኘን፣ ቀበርናቸው። አድማሱ የነበረበት ቦታ በከባድ መሣሪያ ተገልብጧል። ቆፈርን። ኪሴ ውስጥ ሰሙ ነበር፤ እኔ ነበርኩ የምይዘው፤ እየቆፈርኩ በየጊዜው ጭኔ ላይ ይቆረቁረኛል። አላገኘነውም።

ሰላም ሲሆን ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ቦንጋ ገባሁ። የላምባ ምድጃና ፋኖስ የምጠግንባት አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ ከኋላዋ እተኛለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ ሺሺንዳ ሄዶ ጋሽ ገብሬን ማየት ነበር። መርዶው ቀድሞኝ ደርሷል። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸውን እየመረጡ ነው የሚናገሩት።

«እንዴት ሞተ?» አሉኝ።

«በጥይት ነው፣ ጋሽ ገብሬ። አልተሠቃየም።»

«ተቀበረ?»

«ተቀብሯል» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«መቃብሩን አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ማር ቋጥረው ሰጡኝ። በሚኒባሱ ውስጥ ያንን ማር ታቅፌ ስመለስ እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም። ሰሙን የቅባት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ መደርደሪያው ላይ፣ ከምድጃ ክሮች ኋላ ደበቅኩት። መጣልም መስጠትም አልቻልኩም።

ሁለት ዓመት ያህል አለፈ። አንድ የገበያ ቀን ጋሽ ገብሬ ከረጢት ይዘው ሱቄ ገቡ። ጠረጴዛዬ ላይ ሲገለብጡት የጥይት ቀለህ ነው፣ ሠላሳ ያህል፣ ያረጀ፣ የጠቆረ፣ የውጅግራ።

«ሙላልኝ» አሉ።

«ጋሽ ገብሬ፣ ይሄ እኮ ፋብሪካ ነው የሚሞላው!»

«አባቴ ቤቱ ይሞላ ነበር። እኔ አልተማርኩም። አንተ ወታደር ነህ።»

ነገሩ ወዲህ ነው። ከርከሮ በቆሎውንና ጎደሬውን ጨርሶባቸዋል። ማሳውን ይጠብቅ የነበረው አድማሱ ነው። ጠመንጃው ቀበሌ የተመዘገበ ነው፤ ለውጅግራ የሚሆን ጥይት ግን ከገበያ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። ለማንም ሌላ ሰው ቢሆን «አልችልም» ብዬ እሸኘው ነበር። እኚህን ሰው ግን እንዴት አድርጌ?

ወታደር ሁሉ ጥይት መሥራት የሚያውቅ ይመስላችኋል። ወታደር የሚያውቀው ተሠርቶ የመጣውን መተኮስ ነው። እኔ ቤቴ ውስጥ ያንን ሥራ ስጀምር ከአንድ አስተማሪ በቀር ማንም ያላስተማረኝ ተማሪ ነበርኩ፤ አስተማሪዬም ፍርሃት ነው። ባሩዱ ስንት፣ እርሳሱ እንዴት፣ አትጠይቁኝ፣ አልነግራችሁም። ዛሬ ቢለምኑኝም አልነካው። ማጋነን አይደለም፤ ትንሽ ሲያንስ መሣቂያ ያደርጋል፣ ትንሽ ሲበዛ ፊት ይወስዳል። ያን ጊዜ ግን ጀመርኩ። ምድጃዎቹን በሙሉ ከክፍሉ አወጣሁ። ክብሪት አወጣሁ። ሲጃራ የሚያጨስ ደንበኛ በሩ ላይ ሲቆም እንደ ተቆጣ ውሻ እጮህበት ነበርና ሰው «ይሄ ሰውዬ ጦርነቱ ነካው» አለ። ቀለሆቹን አንድ በአንድ በብርሃን አየሁ፤ የተሰነጠቀውን ጣልኩ። ከሠላሳው አሥራ አንድ ቀረኝ። እያንዳንዷን ጠርጌ ደግሜ ጠረግሁ። ያኔ ልጠርገው ይገባኝ የነበረውን ሁሉ የምጠርግ ነበር የሚመስለኝ።

ሦስቱን ሞልቼ ሺሺንዳ ሄድኩ። ጋሽ ገብሬ ወዲያው ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

«በፍጹም!» አልኩ።

«የእኔ ጠመንጃ ነው።»

«ጥይቱ ደግሞ የእኔ ነው። ጠመንጃው ዛፍ ላይ ታስሮ በገመድ ካልተሳበ አይተኮስም።»

ተኮሳተሩ፣ ግን ሰጡኝ። ጠመንጃውን ዋንዛ ግንድ ላይ ጠፍሬ አሰርኩ፤ ከትልቅ ድንጋይ ኋላ ተኝተን ገመዱን ሳብኩ። «ጡስ» አለ። እርሳሱ ከአፈሙዙ ወጥቶ እዚያው ሣር ላይ ወደቀ። ጋሽ ገብሬ ሄደው አነሱት፣ በመዳፋቸው ይዘው አዩት። «ከርከሮው ይሄን ቢያይ እንኳን ሊሸሽ፣ ይበላዋል» አሉ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ሲቀልዱ የሰማሁት ያኔ ነው። እኔም ሳቅሁ።

ሁለተኛው ጉዞም አልሆነም። በሦስተኛው ጥይቱ በወጉ ጮኸ፤ ጠመንጃውም ምንም አልሆነም፣ ቀለሁም ሳይነክስ ወጣ። ያንን ቀለህ እጄ ላይ ይዤ ብዙ ቆየሁ። እንዲህ ብቻ ነበር መውጣት የነበረበት።

የተኮስናቸውን ቀለሆች መልሼ፣ የቀሩትንም ጨርሼ እንደሞላሁ ላክሁባቸው። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ መጡ። ጥይቶቹ በጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ጋሽ ገብሬ አዩአቸው፣ ደስ አላቸው። ከዚያ ከኪሳቸው ሰም አወጡ። አዲስ ሰም፣ የጡጫ ያህል፣ በጨርቅ የተቋጠረ።

«ይሄን ደግሞ ቀባው። ለአድማሱ ያስተማርኩት ነው።»

ሰሙን አልተቀበልኳቸውም።

«ሰም አያስፈልገውም» አልኩ።

«እንዴት አያስፈልገውም? በዚህ ዝናብ?»

«ጋሽ ገብሬ፣ አያስፈልገውም አልኩ እኮ!»

ጮኼባቸዋለሁ። በሽማግሌ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ጉልበታቸው ላይ ሁለት እጃቸውን አኖሩ። የሚነገር ነገር እንዳለ አውቀዋል።  ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ክረምቱን፣ ምስጋናውን፣ አቧራውን። ጥይቱ እንደተነከሰ፣ ልጃቸው በጉልበቱ እንደተነሳ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«አሸዋውን አይተኸው ነበር?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«ለምን አልጠረግከውም?»

«ታከተኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰነፍኩ።»

ውጭ መንገድ ላይ አንድ ሚኒባስ «ጅማ! ጅማ!» እያለ ሰው ይጠራል። እስኪሄድ ጠበቁ።

«ሰሙን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም! እርስዎ ያንን አገር የት ያውቁታል? እኔ ነኝ እዚያ...»

«ዝም በል።»

 ዓይኔ ሳላውቀው ወደ መደርደሪያው ሄደ። እሳቸውም ዓይኔን ተከተሉ። ቆርቆሮውን አውርጄ ሰጠኋቸው፤ ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም። ከፍተው ሰሙን አወጡት። ግማሹ አልቋል፣ ላዩ በአሸዋ ጠቁሯል፣ የአውራ ጣት ምልክት አለበት። አሸተቱት።

«የእኔ ቀፎ ነው» አሉ። «የአድማሱ ነው?»

«የእሱ ነው። እጁ ነው ያለበት።»

ጣታቸውን ምልክቱ ላይ አኖሩ። እዚያ ላይ ነው ያለቀሱት፣ ያለ ድምፅ።

ቆይተው «ምድጃ አለህ?» አሉኝ። ምድጃ ጠጋኝን ምድጃ አለህ ማለት! ባሩዱንና ጥይቶቹን ወደ ኋላ ክፍል ወስጄ ቆለፍኩ፤ ውጭ በረንዳው ላይ አንዱን ምድጃ ለኮስኩላቸው። የፈለጉት ምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰሙን በትንሽ ጣሳ ውስጥ አደረጉ፣ ቀስ ብሎ ቀለጠ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ቀደዱ። ንብ አርቢ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሰሙን በጨርቁ አጠለሉት። ንጹሑ ሰም ሌላ ጣሳ ውስጥ ወረደ፣ ቢጫ፣ እንደ አዲስ። ጨርቁ ላይ አሸዋው ቀረ። አንድ ቁንጥር አይሞላም።

«ይሄን ያህል ነው?» አሉ።

«ይሄን ያህል ነው።»

«ይሄ የዚያ አገር አፈር ነው? አድማሱ ያለበት?»

«የዚያው ነው፣ ጋሽ ገብሬ። ደግሞ...» አልኩ፤ ከተናገርኩ አይቀር። «መቃብሩን አይቻለሁ ያልኩዎት ውሸቴን ነው። አላገኘነውም። ቆፍረን ቆፍረን አላገኘነውም።»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን ጨርቁን አጠፉት፣ አሸዋው እንዳይፈስ ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። በላዩ ላይ መዳፋቸውን ጫኑ።

«እንግዲህ መጣ» አሉ።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብተው ጥይቶቹን እንዳመጣ ጠየቁኝ። ከተጠለለው ሰም ቆንጥረው በእጃቸው አሙቀው አንድ በአንድ አሹ፣ ስስ አድርገው፣ ልክ እንደ አድማሱ። እኔ ቆሜ አያለሁ። ሦስት ከጨረሱ በኋላ አራተኛውን ወደ እኔ ገፉት። እጄን ወደኋላ ሰበሰብኩ።

«ቀባ» አሉኝ። «እዚህ አቧራ የለም።»

ቀባሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሺሺንዳ ተጠራሁ። ቄሱ መጀመሪያ አንገራግረው ነበር፤ አሸዋ ላይ እንዴት ጸሎት ይደረጋል ብለው። ጋሽ ገብሬ ያሏቸውን አላውቅም፤ ብቻ ስደርስ ቄሱ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ። ያች የተቋጠረች ጨርቅ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሆና ወረደች። እናቲቱ ቀድመው አልፈዋል፤ እህቶቹ ግን ሬሳ እንዳለ ሁሉ አለቀሱ። የመንደሩ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔም ከነሱ ጋር ቆሜ አለቀስኩ፤ በቀብሩ ላይ መቆም እንደማይገባኝ እያወቅሁ። ጋሽ ገብሬ ግን ከጎናቸው አቆሙኝ።

አሥራ አንዱ ጥይት ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሁለቱን ተኮሱ፣ ሁለቱንም ሳቱ። ከርከሮው እስከ ዛሬ አለ። የቀሩትን ጋሽ ገብሬ ሲሞቱ ከጠመንጃው ጋር ለቀበሌ አስረከብን፤ ከዚያ ወዲህ ጥይት ሞልቼ አላውቅም፣ ምድጃ ብቻ ነው የምሞላው።

ይርጋ ከጎጃም አንዳንዴ ይደውላል፤ እግሩ እንዳነከሰ ነው። «ስንት ነበርን? ስንት ቀረን?» ይለኛል፤ ጨርሶ የረሳው ይመስል ሁልጊዜ ይጠይቀኛል። እኔም እቆጥርለታለሁ። ዘጠኝ ነበርን። አራት ሞቱብን፣ ሃምሳ አለቃ ደምሴን ጨምሮ። ሦስቱን ግመል ላይ ቀብረናል። አራተኛው ሺሺንዳ ነው።